ተቃዋሚ የሌለው ርዕስ አልቀበልም

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና «በል እንግዲህ፣ ተማሪውን ስታናግር የኖርክ ሰው ዛሬ አንተ ተናገር» አሉኝ። ተነሣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ተቀመጥኩ። የምለው ጠፍቶኝ አልነበረም። የጠበቁት ስለ መምህርነት ክቡርነት እንድናገር ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ደግሞ መምህርነት ክቡር አይደለም የሚል አንድም ሰው አልነበረም። ተቃዋሚ በሌለበት ጉዳይ ላይ ላለመናገር ከማልኩ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ያን ዕለት ያላልኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያስተማርኩት አማርኛ ነው። በየሄድኩበት ትምህርት ቤት ደግሞ የንግግርና የክርክር ክበቡ የእኔ ነበር፤ ሌላ የሚፈልገው ስለሌለ። ከአሥረኛ ክፍል በላይ ያለውን ትምህርት ከተማሪ ጋር ወንበር ላይ ተቀምጬ አልተማርኩትም። አባቴ ሲሞት አቋርጬ ወደ እርሻው ተመለስኩ። የቀረውን በሰው መጽሐፍ አንብቤ በግል ተፈትኜ አለፍኩ፤ ዲፕሎማውንም ዲግሪውንም እያስተማርኩ በክረምት ጨረስኩ። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። ብቻውን የተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚሞግተው ስለሌለ ያነበበውን ሁሉ እውነት ያደርገዋል። እኔም እንዲያ ነበርኩ፤ እስክነቃ ድረስም ሌላ ሰው ዋጋ ከፍሎበታል።

የመጀመሪያ ምድቤ ብርዳማዋ ራቤል ነበረች። በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ የተማሪው ትንፋሽ እንደ ጭስ ይታያል፤ ጠመኔ የያዘ ጣት ይደነዝዛል። ደሞዙ ከወር ወር አያደርስም ነበር፤ እሱን ሁሉም መምህር ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። እዚያ ንግግር ማስተማር ማለት ለእኔ ድምፅ ማስተማር ነበር። የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚባል፣ እጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ዓይን ወዴት እንደሚያይ አስተምር ነበር። ልጆቹ በእርግጥ አማረባቸው። ምን እንደሚሉ ግን ትዝ የሚለኝ የለም።

ወደ ዓለም ከተማ ስዛወር መምህር ዘነበን አገኘሁ። በዕድሜም በሥራም ይበልጡኛል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጠመኔያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው በኪሳቸው የሚይዙ ሰው ነበሩ። በገበያ ቀን ገበያ ይወጣሉ፤ ዘንቢል ግን አይዙም። እህል ተራ ጥግ ቆመው ሰው ሲጨቃጨቅ ያዳምጣሉ።

«መምህር፣ ዛሬስ ምን ገዙ?» እላቸዋለሁ ሲመለሱ።

«ዛሬ ቀንቶኛል። ሁለት ጭቅጭቅ ይዤ መጣሁ።»

ሰኞ ዕለት ጭቅጭቁን ለክፍሉ ያቀርቡታል። አንድ ጊዜ ያመጡት አሁንም ትዝ ይለኛል፤ በአውቶቡስ ጣራ ላይ የተጫነ በግ መንገድ ላይ ቢሞት ኪሳራው የማን ነው፣ የባለ በጉ ወይስ የረዳቱ? ክፍሉ ተናወጠ። ከዚያ በፊት ድምፁን ሰምተን የማናውቀው ልጅ ተነሥቶ «በጉ እኮ ቲኬት አልቆረጠም!» ብሎ ሲጮኽ ሰማሁ።

ተማሪ ሲናገር መምህር ዘነበ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ተናጋሪውን ማየት ያታልላል ባይ ነበሩ። ሲጨርስ አያጨበጭቡም፣ አያሞግሱም። አንድ ቃል ብቻ ይላሉ፦ «ገልብጠው።» ልጁ አሁን የተቃወመውን ወገን ሆኖ፣ በዚያው ጉልበት፣ እንደገና ይናገራል። መገልበጥ ያቃተው ርዕሱን ይዞ ይቀመጣል። «የምትሞግተውን ሰው ገና አላየኸውም፤ ሂድና እየው» ይሉታል።

ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ልጅ ማሠቃየት መስሎኝ ነበር። ታደሰ የሚባል ተማሪ ነበረኝ። ድምፁ አዳራሽ ይሞላል፣ ቃል አይነጥፍበትም። ለዞን የንግግር ውድድር ስናዘጋጀው ርዕሱን እኔ መረጥኩለት፦ «ትምህርት ለአገር ዕድገት ያለው ጥቅም»። መምህር ዘነበ ሲሰሙ «ማን ነው እምቢ የሚላችሁ?» አሉ።

«ማንም!» አልኳቸው በኩራት። «ለዚህ እኮ ነው የመረጥነው።»

 ወደ መስኮታቸው ዞሩ።

ደብረ ብርሃን ላይ ታደሰ እንደዚያን ቀን ተናግሮ አያውቅም። ሰው አጨበጨበ። ከዳኞቹ አንዷ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት፣ ማይኩን ተቀብለው ወደ ታዳሚው ዞሩ። «ይህን ንግግር ከመስማታችሁ በፊት ትምህርት አይጠቅምም ብላችሁ የምታምኑ የነበራችሁ፣ እስቲ እጅ አውጡ።» አንድም እጅ አልወጣም፤ ሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋ ልጁን ሊያሳፍሩ አልነበረም፤ ሊያስተምሩ ነው። ሳቁ ግን ያረፈው በታደሰ ላይ ነበር። መጨረሻ ወጣን።

 ስንመለስ የጀማ ወንዝ ቁልቁለት ላይ ፊቱን ሳያዞር «ቲቸር፣ ጥሩ ተናግሬ ነበር አይደል?» አለኝ።

«በጣም ጥሩ።»

«ታዲያ ማንን ነበር የማሳምነው?»

 ታደሰ ከዚያ ወዲያ መድረክ ላይ አልወጣም። ለምኜዋለሁ፤ ገሥጬዋለሁም፤ እምቢ አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ በሥራ ዘመኔ ሁለተኛ አልገጠመኝም። ከውድድሩ ቀጥሎ ባለው ሰኞ የመምህር ዘነበ ክፍል ገብቼ ከተማሪዎቻቸው ኋላ ተቀመጥኩ፤ ዓመቱ እስኪያልቅም ከዚያ ወንበር አልተነሣሁም።

መንዝ፣ ሞላሌ ስመደብ እንግዲህ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የመጣሁት። በክበቡ በር ላይ ለተማሪዎቹ ሕጌን ነገርኳቸው፤ ተቃዋሚ የሌለው ርዕስ አልቀበልም።

«ርዕስህ?»

«ስርቆት መጥፎ ነው፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ። ስርቆት ጥሩ ነው የሚል ሰው ይዘህልኝ ና።»

ከኋላ አንዱ «ሌባም ራሱ ሲሰርቁት ይጮኻል!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

ቀጣዩ የመርሐቤቴ ማር ከመንዝ ቅቤ ይበልጣል አለ። ይህ በማንኪያ እንጂ በንግግር አይፈታም አልኩት። ሌላዋ ከሞላሌ መሐል ሜዳ ይርቃል ወይስ ራቤል ብላ መጣች። ሹፌር ጠይቂ አልኳት። ቀስ በቀስ ገባቸው። «የገበያ ቀን ተማሪ ከትምህርት ይፈቀድለት» የሚል መጣ፤ «የተከለለው የጋራ መሬታችን፣ ጓሳው፣ ለሣር አጨዳ ቶሎ ቶሎ ይከፈት» የሚል መጣ። እነዚህን ይዘው ሲገቡ ክፍሉ ከሁለት ይከፈል ነበር፤ ያን ጊዜ ርዕሱ ላይ እፈርማለሁ።

አንድ ነገር ግን ለመረዳት ቆየሁ። ልጆቹ ስለ ንጽሕናና ስለ ዛፍ ተከላ የሚመርጡት ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ጨዋዎች ስለሆኑ ነው። በእኛ አገር ልጅ በታላቅ ፊት «አይደለም» አይልም። ተቃዋሚ ያለው ርዕስ ምረጥ ስለው፣ ተቃዋሚው አባቱ ወይም አጎቱ ሊሆን እንደሚችል ከእኔ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። እኔም አባት ነኝ፤ ቤቴ ውስጥ «አይደለም» የሚል ቃል አልወድም። ልጄ መቅደስ በዚያው ክበብ ውስጥ ነበረች፤ ለሌላው ሰባት የምሰጥበትን ለእሷ አምስት እሰጣት ነበር፤ አልተከራከረችኝም። ይህን አክብሮት ብዬው ነበር።

ጡረታዬ ሲቃረብ ትዕግሥት የምትባል የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ክበቡን ተቀላቀለች። ቤተሰቧ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ቀበሌ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። እሷ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ከቤቷ በሶና ቆሎ እየተሸከመች ትማራለች። የመጀመሪያ ርዕሷን መለስኩባት። ሁለተኛውንም መለስኩባት።

«ባለፈው ክረምት ቤታችሁ ውስጥ ምን ላይ ተከራከራችሁ?» አልኳት።

«እኛ ቤት ክርክር የለም፣ ቲቸር። አባቴ ይናገራል፣ እኛ እንሰማለን።»

«እየሰማሽ በልብሽ እምቢ ያልሽው ነገርስ የለም?»

መሬት መሬት እያየች «የአያቴ ተዝካር» አለች።

አባቷ አቶ ንጉሤ እናታቸው ሲሞቱ ደብሩን በሙሉ አብልተው ነበር። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ለድግሱ ወደቀ፤ የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው፣ ተራ እየጠበቁ፣ ዘግይተው አረሱ። የዚያን ዓመት ገብስ ውርጭ አገኘው። ርዕሷን እንዲህ ብላ ጻፈችው፦ «ተዝካር በጸሎትና በዳቦ ይሁን፤ ድግሱ ይቅር።»

«ማን እምቢ ይላል?»

«አባቴ።»

ብዕሬን ይዤ አመነታሁ። አቶ ንጉሤን አውቃቸዋለሁ፤ ቃላቸው የሚከበር፣ ልጅ ለማስተማር ከራሳቸው ጉሮሮ የቀነሱ ሰው ናቸው። ሕግ ግን ሕግ ነው፤ ፈረምኩ። ትዕግሥትን ተቃውሞ የሚቆም ስለጠፋ ደግሞ መቅደስ «እኔ እሆናለሁ» አለች። ሁለቱ የአንድ ወንበር ጓደኞች ናቸው።

በወላጆች ቀን ሁለቱን መድረክ ላይ አወጣኋቸው። አቶ ንጉሤ ከፊት ተቀምጠዋል። ትዕግሥት ስለ በሬው፣ ስለ ዘገየው እርሻ፣ ስለ ውርጩ ተናገረች። መቅደስ ተነሣችና «ትዕግሥት የአያቷን ነፍስ በዳቦ ልትሸኝ ነው፤ ሥጋውን ለራሷ አስቀርታ!» አለች። ሕዝቡ ሳቀ። ትዕግሥትም አልተኛችም፤ «መቅደስ ለድግስ የምትሟገተው ደግሳ ስለማታውቅ ነው። የመምህር ልጅ በሬ የላት፣ ሁልጊዜ ተጋባዥ ናት!» ብላ መለሰች። አዳራሹ ተንጫጫ። እኔ በኩራት ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ አቶ ንጉሤ ዱላቸውን አንሥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ሲወጡ አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ግቢ ገቡ። መሪያቸው ጋሽ ተሰማ ነበሩ፤ በአንድ የእርሻ ድንበር ሦስት ዳኛ እስኪቀያየር የተሟገቱ፣ በመጨረሻም የረቱ ሰው። አቶ ንጉሤ ከኋላቸው ራቅ ብለው ቆመዋል።

«መምህር፣ ለእርቅ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«ማንና ማን ተጣልቶ?»

«እንዴ! የእርስዎ ልጅና የንጉሤ ልጅ ናቸዋ! አገር እያየ በአደባባይ ሲሰዳደቡ ዋሉ እኮ። ነገሩ ወደ ቤተሰብ ሳይገባ እንጨርሰው ብለን ነው።»

አቶ ንጉሤ ቀረብ አሉ። «እኔ ከእርስዎ ቤት ጋር ቂም አልፈልግም፣ መምህር። ልጄን ግን እወስዳለሁ። እዚህ የምትማረው የአያቷን ስም በአደባባይ ማንሣት ከሆነ፣ ቤቷ ገብስ ብታበጥር ይሻላታል። ዕቃዋን የምጭንበት አህያ በር ላይ ቆማለች።»

ቀና ብዬ አየሁ። አህያዋ እውነትም ቆማለች። ከዚያ ቀበሌ አንዴ የተመለሰች ሴት ልጅ እንደገና ወደ ትምህርት ስትመጣ አላየሁም። ስለ ክርክር ምንነት ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ሽማግሌ ለእርቅ መጥቶ ትምህርት ከሰጠኸው የባሰ ይከፋል።

«መልካም፣ አስታርቁን» አልኩ።

ከመምህራን ማረፊያው ጀርባ አግዳሚ ወንበር አወጣንላቸው። ሁለቱ ልጆች ተጠሩ።

«ለምን ተጣላችሁ?» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ልጆቹ ተያይተው ሳቃቸውን ዋጡ። «አልተጣላንም!»

«የተጣላ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው እሱን ነው።»

«እውነቴን ነው፣ ጋሼ» አለች መቅደስ። «ዛሬ ጠዋት እንኳ የእሷን በሶ ነው የበላሁት።»

«ጭራሽ በሶዋንም በላሽባት?»

በዚህ መንገድ እንደማንወጣው ገባኝ። «አባቶቼ፣» አልኩ፣ «በሽምግልና ወግ የሁለቱም ቃል ይሰማ የለም?»

«እንዴታ! ሳይሰሙ ፍርድ የታለ?»

«እንግዲያው ይናገሩ። ነገር ግን ትዕግሥት የመቅደስን ቃል ትናገር፣ መቅደስ የትዕግሥትን። ገልብጡት፣ ልጆች።»

 በልምምዱ ጊዜ ትዕግሥት ስትገለብጥ ደካማ ነበረች። ለድግሱ የሚሟገተውን ሰው፣ ማለትም አባቷን፣ ማየት እየፈራች ቃሉን ከላይ ከላይ ትለው ነበር። አሁን ከላይ ከላይ ካለችው አህያዋ ተጭና ትሄዳለች።

ትዕግሥት ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ ሽማግሌዎቹ እንጂ ወደ አባቷ አላየችም።

«አያቴ ስትሞት አባቴና አጎቴ በድንበር ምክንያት ከተኳረፉ ቆይተው ነበር። በቀብሯም ቀን አንዱ ከወዲህ፣ አንዱ ከወዲያ ቆመው ነው አፈር ያለበሷት። ጸሎቱን አባቴ ብቻውን ማስደረግ ይችል ነበር። ዳቦውን እናቴ ብቻዋን መጋገር ትችል ነበር። ድግስ ግን ብቻውን የሚደግስ የለም። ድንኳን ለመትከል፣ እንጨት ለመፍለጥ፣ በሬ ለመጣል ወንድም ያስፈልጋል። አጎቴ መጣ። ማንም ማንንም ይቅር በለኝ አላለም። አንዱ ቀንዱን፣ አንዱ እግሩን ይዘው በሬውን ጣሉት፤ ማታ በአንድ ገበታ በሉ። ድግሱ ይቅር የምትሉ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች በምን ይገናኙ ነበር?»

 ጋሽ ተሰማ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ይህን ማን ነገረሽ?» አሉ አቶ ንጉሤ።

«ማንም አልነገረኝም፣ አባባ። ውኃ ሳመላልስ አየሁ።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ትናንት ስለምን ያንን ተናገርሽ?»

«ያኛውም እውነት ስለሆነ ነው። አጎቴን አገኘን፤ በሬውን አጣን።»

አቶ ንጉሤ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ተራው የመቅደስ ነበርና ጀመረች፤ ድሃው የሚደግሰው ሟቹን ሊያስብ ሳይሆን ጎረቤቱን ፈርቶ ነው፣ ስለዚህ ቢቀር ይሻላል አለች። ገና ሳትጨርስ ጋሽ ተሰማ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይህቺን ነገር ለእኔ ተዉልኝ።»

«አንተ ምን አገባህ? ዳኛ ነህ እኮ!» አሏቸው አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ። «ልጅቷ ልክ ናት። ለእኔ ዳቦና ጸሎት ይበቃኛል።»

«ለአንተ ይበቃህ። እኔን ግን በዳቦ ብትሸኙኝ ተነሥቼ እመለስባችኋለሁ!»

ሦስቱም ተነሥተው ይሟገቱ ጀመር። እርቁ ተረሳ። እኔ የማየው አቶ ንጉሤን ብቻ ነበር። እየሳቁ አልነበረም። ወደ ልጃቸው ሄደው በቀስታ ተናገሩ፤ እኔ ግን ሰማሁ።

«ዕቃሽን አልጭንም፤ ትምህርትሽን ቀጥይ። ግን የትናንቱ ንግግርሽ ጉድለት አለበት። ካህናቱን መጠየቅ ነበረብሽ። ተዝካር ጸሎትና ምጽዋት ነው ይላሉ እንጂ በሬ ጣሉ ብለው አያውቁም። እኔም ያኔ ጠይቄያቸው ነበር። ነግረውኝም ነበር። በሚቀጥለው ስትናገሪ ይህን ጨምሪበት።»

እንዲህ ያለ መገልበጥ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። የተሸነፉ ሰው አልነበሩም፤ ለተቃዋሚያቸው ጥይት ያቀበሉ ሰው ነበሩ። ልጅን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ እኔም በቤቴ ስሠራው የኖርኩት ነው። ልጁ በልቡ የያዘውን ሰምቶ ማጠንከር ግን የጠንካራ አባት ሥራ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሲነሡ ጋሽ ተሰማ ድንገት ቆሙ። «እርቁስ?»

«አልተጣሉም እኮ፣ ጋሽ ተሰማ።»

«ቢሆንም! ለእርቅ ወጥተን ሳናስታርቅ ብንመለስ ሰው ምን ይለናል?»

ልጆቹ ተነሥተው፣ በሳቅ እየታነቁ፣ ተሳሳሙ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ተመረቁ። አህያዋ ጀርባዋ ባዶ እንደሆነ ተመለሰች።

በዞኑ ውድድር ትዕግሥት የካህናቱን ቃል ጨምራ፣ አጎቷንም በሬውንም ሳትደብቅ ተናገረች። ዳኞቹ ሊያጠምዷት ሞከሩ፤ የጠየቋትን ሁሉ አባቷ ቀድመው ጠይቀዋት ስለነበር አልተደናገጠችም። አንደኛ ወጣች። እንደ መምህር ዘነበ ማሞገስ ትቼ ነበር፤ ከመድረክ ስትወርድ ግን «ጥሩ ነው» አልኳት። ሮጣ ሄዳ ለመቅደስ «ቲቸር ጥሩ ነው አለኝ!» ስትላት ሰማሁ። ዋንጫውን እንኳ ማሳየት ረስታ ነበር።

በመመለሻችን መቅደስ አጠገቤ ተቀምጣ «አባዬ፣ ቤትስ መቼ ነው የምንገለብጠው?» አለችኝ። ከቤተሰቡ መካከል እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። «የእኔን ሐሳብ አስቀድሞ በደንብ የተናገረ እምቢ ማለት ይችላል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በእራት ሰዓት ብዙ ጊዜ ተረትቻለሁ። ልጆቼ የእኔን ሐሳብ ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል።

የመጨረሻው የሥራ ወሬ ይህ ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ አቶ ንጉሤ ልጃቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ። ሰላምታ ሳይጨርሱ «በገብስ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል እንዲቀር ትናገርልኝ» አሉ። «ወንድሜ ተከለና መሬቱን አደረቀው። ይህን ርዕስ ይስጧት።»

ርዕሱን የምትመርጠው እሷ እንደሆነች ልነግራቸው ስል ትዕግሥት ቀደመችኝ።

«አባባ፣ እኔ እኮ ይተከል ባይ ነኝ። ገብሱን ውርጭ ሲወስደው ያጎቴን ቤት ያኖረው ባሕር ዛፉ ነው።»

አቶ ንጉሤ አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ዱላቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

«እሺ፣ ቁሚና አስረጂኝ» አሏት።

ደወሉ ተደወለ፤ ተማሪው ሁሉ ወደየክፍሉ ገባ። ሁለቱም አልሰሙትም። እኔም ዝም አልኳቸው።